የቀርከሃ አጥራችን ተከራዮች

ትናንት ከሰዓት በኋላ የአክስቴ ልጅ አትጠገብ ከዳንግላ ደውላ «ቀናሁብሽ» አለችኝ። ቃሏ ይኸው ነው፤ አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩም። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌው ስለነበር እማም ሰምታለች። ድንች የምትልጥበትን ቢላ ቁጭ አድርጋ «ምን አለች? አልሰማሁም፣ ድገሚው በያት» አለችኝ በሹክሹክታ። ሰምታለች እኮ፤ ደግማ መስማት አምሯት ነው። እኔም አላሳፈርኳትም። «አቱ፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ፣ ምን አልሽኝ?» አልኳት። ትናንት ደግሞ ኔትወርኩ ጥርት ያለ ነበር። «ቀናሁብሽ አልኩሽ! ደንቆሮ!» ብላ ጮኸችብኝ። እንዲህ የሚጣፍጥ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ጓሮውን ዞርኩት፣ ደግሜ ዞርኩት፣ ከዚያ ወረቀት ፈልጌ ተቀመጥኩ። ምክንያቱም ይቺ ቃል ከአትጠገብ አፍ እስክትወጣ ድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደ ፈጀባት፣ እኔስ ስንት ጊዜ በእሷ ስቀና እንደ ኖርኩ ካልጻፍኩት ደስታዬ ግማሽ ይሆንብኛል።

ስለ ድሮ የሚጽፈው የሸበተ ሰው ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ገና አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ግን እኔም ድሮ አለኝ። የኔ ድሮ ዘጠነኛ ክፍል የነበርኩበት፣ የዩኒፎርሜ ሰማያዊ ሹራብ እጅጌው ከጣቶቼ አልፎ የሚንጠለጠልበት፣ እማ «ታድጊበታለሽ» ብላ በልክ ያልገዛችልኝ ጊዜ ነው። አሁን ያው ሹራብ ክርኔ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ያን ጊዜ እንጅባራ ላይ ኢንተርኔት አልነበረም። ለምን እንደ ጠፋ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወሩ ነበር፤ እኔ የማውቀው መጥፋቱን ብቻ ነው። መደወል ይቻላል፣ ፎቶ መላክ አይቻልም። መንገዱም አንዱን ሳምንት ይከፈታል፣ አንዱን ሳምንት ይዘጋል። ከመናኸሪያው ማዶ፣ ጫማ ከሚሰፉት ሰውዬ አጠገብ፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭን አንድ ጠባብ ሱቅ ነበር። በአሥር ብር ሚሞሪሽን አፍ እስከ ገደፉ ይሞላልሻል፤ የሠርግ፣ የመሰንቆ፣ የመዝሙር፣ የፈለግሽውን። ከበሩ ላይ የተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ስለሚንጫጫ ሰው ሁሉ እዚያ ሲደርስ ሳያውቀው ትከሻውን ነቅነቅ ያደርግ ነበር። ዛሬ የባጃጅ ጎማ ይሸጥበታል፤ እዚያ ሲደርስ የሚነቀነቅ ሰው የለም።

እማ አዲስ ስልክ ስትገዛ አሮጌው ለእኔ ወረደ። የካሜራው መስታወት ተሰንጥቋል፣ ባትሪው ቶሎ ይደክማል፣ ሚሞሪው ደግሞ በአባባ ዘፈኖች ተጨናንቋል። እኔ ጓሮ ያለውን ወፍ ሁሉ ፎቶ ማንሳት ጀምሬ ነበር። ለምን እንደ ጀመርኩ ልዋሽ አልችልም፤ አትጠገብ ስለጀመረች ነው። ታዲያ አንድ ወፍ ለማስገባት አንድ ዘፈን ማስወጣት የግድ ነበር። አንድ ቀን አባባ ስልኩን አገላብጠው አገላብጠው «ያ የምወደው የመሰንቆ ዘፈን የት ሄደ?» አሉ። እማ ቀና ሳትል «ወፍ ሆኖ በረረ» አለቻቸው። አባባ ባጃጅ ነጂ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጨዋታ ሲሰሙ ስለሚውሉ በቀላሉ አይቆጡም። «እንግዲህ ወፊቱ እንድትዘፍን ንገሪያት» ብለውኝ ወጡ።

አሁን ስለ አትጠገብ ልንገራችሁ። ዳንግላ ከእኛ ይሞቃል። የእነሱ ግቢ አቮካዶ አለው፣ ዘይቱን አለው፣ አበባው ዓመቱን ሙሉ ነው፣ ወፉም እንደዚያው። ስልኳን ወንድሟ ከባሕር ዳር ያመጣላት ነው፤ ከጀርባው ሦስት ዓይን አለው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ኢንተርኔቱ ከመጥፋቱ በፊት የወፍ ስም የሚለይ አፕ አውርዳ ነበር። እኔ አላወረድኩም። ወፍ ስም እንዳለው ያወቅሁት እንኳ ከእሷ ነው። ስለዚህ የእኔ ወፎች በሙሉ ስም የሚወጣላቸው ዳንግላ ሄደው ነበር። አስቡት እስቲ! የኔ ግቢ፣ የኔ ወፍ፣ ብርድ ላይ ተንበርክኬ ያነሳሁት ፎቶ፣ ስሙን ግን የምትሰጠው እሷ።

ፎቶዎቹ የሚሄዱት በክብሪት ቀፎ ነው። የአትጠገብ እናት አክስቴ ትርንጎ፣ የእማ ታላቅ እህት፣ መንገድ በተከፈተ ቁጥር በገበያ ቀን ድንች ልትጭን ወደ እኛ ትመጣለች። ሚሞሪውን በማስቲካ ወረቀት ጠቅልዬ ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ እከተዋለሁ፤ እሷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ በሚኒባስ ትወስደዋለች። አንድ ጊዜ እቤቷ ደርሳ ምድጃ ልትለኩስ ቀፎውን ስትከፍት ሚሞሪው ዱብ አለ። «ክብሪት ልጭር ስል ወፍ ፈለፈልኩ!» ብላ በስልክ ስትስቅ ሰፈሩ ሁሉ ሳይሰማት አይቀርም። ከዚያ እኔ እጠብቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ስልኩ ይጮኻል።

«ስሌ፣ ሰባቱንም አየኋቸው» ትለኛለች።

«እሺ፣ ያቺ ቡናማዋስ?»

«ተራ ናት።»

«ያቺ አጥሩ ላይ ያለችውስ?»

«እሷም ተራ ናት።»

«ደረቷ ነጣ ያለችው?»

«የኔ እህት፣ እሷማ የተራም ተራ ናት!»

አፑ በብዛት የሚገኘውን ወፍ እንደዚያ ብሎ ይጽፋል መሰለኝ፤ እሷ ግን «ተራ» ስትል ቃሉን አኝካ ነበር የምትተፋው። እኔ ምን ላድርግ? እንጅባራ ጉሙ እስኪገፈፍ ረፋድ ይሆናል። ወፎቻችን ሁሉ እርጥብ ጋቢ የለበሱ ይመስላሉ። ቁራ፣ ዋኔ፣ ድንቢጥ፤ ድንቢጥ፣ ዋኔ፣ ቁራ።

አንድ ቅዳሜ ግን ድምፅዋ ተለውጦ ደወለች። «ስሌ፣ ምን እንዳገኘሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። ደረቷን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን ነጭ መስመር ያላት ወፍ አገኘሽ፣ አፑ ውስጥ የለችም፣ ምናልባት ማንም አላያት ይሆናል አለችኝ። ያን ሳምንት መሬት አልረገጥኩም። የክፍሌን ልጆች በሙሉ «ባለ መስመሯ ወፍ» እያልኩ አደነቆርኳቸው። ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ሚሞሪ ላክሁ። ቅዳሜ ደወለች፤ ሳቋ ከቃሏ ቀደመ። «ስሌ... የናትሽ ዶሮም መስመር አላት። ድመቱም መስመር አለው። አባትሽም ሆዳቸው ላይ መስመር አላቸው!» የካሜራዬ ስንጥቅ ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ የማነሳው ወፍ ሁሉ ያንኑ ስንጥቅ ደረቱ ላይ ታጥቆ ነበር። በዚያው ሚሞሪ መልስ አንድ ፎቶ ላከችልኝ፤ ከአቮካዶው ቅርንጫፍ ላይ የተቀመጠች እንደ ሸክላ የቀላች ወፍ፣ ጭራዋ ከራሷ ቁመት በእጥፍ ረዝሞ እንደ ሙሽራ ጥለት የሚወርድ። ብርድ ልብስ ተከናንቤ አየኋት። በጣም ታምራለች። እንቅልፍ ይወስደኝና ደግሞ ጭራዋ ትዝ ይለኛል። ዛሬም ቢሆን ያቺን ፎቶ ሳያት የሚያቃጥለኝ ነገር ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል አልልም።

ይሄ ቅናት ከየት እንደ መጣብኝ ማወቅ ከባድ አልነበረም። ዞር ብዬ እናቴን ማየት በቂ ነው። አክስቴ ትርንጎ ግቢዋን በሙሉ በቆርቆሮ አጥራለች፤ ያውም በሚያብለጨልጭ አዲስ። የእኛ ቀርከሃ ነው። እንጅባራ ቀርከሃ መች ይጠፋል፤ ክረምት ባለፈ ቁጥር የበሰበሰውን ነቅሎ አዲስ መምታት፣ አሮጌውን ለማገዶ ማድረግ የሰፈሩ ልማድ ነው። እማ ግን ከዳንግላ በተመለሰች ቁጥር ቀርከሃውን እንደ ጠላት ታየዋለች። «እህቴ በቆርቆሮ፣ እኔ በእንጨት! ዝናብ ሲመታው እንኳ ድምፁ ደስ ይላል» ትላለች። አባባ «ዝናቡን እዚህም ትሰሚዋለሽ» ይላሉ። ትመልሳለች፣ ይመልሳሉ፣ በመጨረሻ አባባ ተሸነፉ። ቆርቆሮው በባጃጅ ጣሪያ ላይ እየተንቋቋ መጥቶ ከማድ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተደገፈ። በጋው ጠንከር ሲል ቀርከሃው ይነቀላል፣ ይነዳል ተባለ።

በዚያው ሰሞን ነው እንግዲህ ነገሩ የሆነው። የእማ ጽጌረዳ ቅጠሎች ዳር ዳራቸው በመቀስ የተቀደደ ይመስል ክብ ክብ እየሆኑ መቆረጥ ጀመሩ። ጥፋተኛዋ እኔ ሆንኩ። «ለክፍል ሥራ ነው አይደል? ወረቀት አልቆ ነው ጽጌረዳዬን የምትቆርጪው?» አለችኝ። ማልኩ፤ አላመነችኝም። አባባ ደግሞ አጥሩን ሊያዩ ዞረው ሲመለሱ ደስ ብሏቸዋል። በማድ ቤቱ ክዳን ሥር፣ ዝናብ በማይመታው ጥግ፣ አግድም የታሰሩት የቀርከሃ ማገሮች አፋቸው ክፍት ነው፤ አሁን ግን አንዱ በአንዱ ላይ በተደራረበ ቅጠል ተወትፈዋል። «እጅሽ ይባረክ» አሏት እማን። «አይጥ እንዳይገባ ነው አይደል የደፈንሽው?»

«እኔ? አንተ የደፈንከው መስሎኝ እኮ ነው!» አለች እማ።

«አንቺ ነሽ ብዬ ሰው ፊት አመስግኜሽ!»

«እኔም ላንተ ምስጋናውን በልቤ ይዤልህ ነበር፤ መልስልኝ!»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም አልነበርኩም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጉሙ ተገፎ ፀሐይዋ ጥጉን ስትመታው ድንቢጥ ልጠብቅ እዚያው ተጋድሜ ነበር። አንዲት ንብ መጣች። ሆዷ ሥር አረንጓዴ ነገር ይዛለች፤ ሰሌን ጠቅልሎ ገበያ የሚሄድ ሰው ትመስላለች። ማገሩ አፍ ላይ አረፈች፣ ጥቅሏን አስተካከለች፣ ሰተት ብላ ገባች። ስትወጣ ባዶ እጇን ናት። ጽጌረዳው ላይ ሄደች፣ ዞር ዞር ብላ ክብ አድርጋ ቆረጠች፣ ተመለሰች። አነሳኋት። ተጣድፌ ያበላሸኋቸው ብዙ ናቸው፤ አንዷ ግን ወጣች፤ ስንጥቁ ከሆዷ በታች አልፎ እሷን ሳይነካት። አክስቴን መጠበቅ አልቻልኩም፤ ደወልኩና ለአትጠገብ ነገርኳት።

«ንብ ናት?»

«ንብ ናት፤ ግን ቅጠል ይዛ ነው!»

«ትያዛ፣ ስንቋ ይሆናል» አለችኝ። «ስሌ፣ ወፍ እኮ ነው የምንሰበስበው። ንብ ከቁጥር አትገባም።»

ተራ እንኳ አላለቻትም። ተራ ለመባልም አልበቃችም። ስልኩን ዘግቼ ሳለቅስ እማ ገባችና «ማን ሞተ?» አለች።

ቀርከሃው የሚነቀልበት ቀን ደረሰ። አባባ ከፊት ለፊት ጀምረው ሲነቅሉ ሲነቅሉ ጥጉ ላይ ደረሱ። እኔ ማገሩን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ። ውስጡ እንቁላል እንዳለ፣ ቅጠሉ ለልጆቿ ያነጠፈችው እንደሆነ ያን ጊዜ በእርግጠኝነት አላውቅም፤ ገምቼ ነበር እንጂ። ግን ይቺ ንብ ማድ ቤት ገብታ ከምትነድ እኔ ልንደድ ብዬ ነበር።

«ምንድን ነው?» አሉ አባባ።

«ንብ አለበት፣ አይንቀሉት።»

ዓይናቸው በራ። «ማር አላት?»

«የላትም።»

«ሰምስ?»

«የላትም።»

«ታዲያ ይቺ ምኗ ንብ ነው? ደሞዝ የሌለው ሥራ ይዛለች በያት!»

እማ ግን ሌላ ነገር ገብቷት መጣች። «ቆይ፤ ጽጌረዳዬን የቆራረጠችው እሷ ናት?» ጨነቀኝ። ልዋሽ? ፎቶው ይመሰክራል። ስልኩን ሰጠኋት። እማ በመዳፏ ጥላ ሠርታ አየችው። እንደምትቆጣ እርግጠኛ ነበርኩ። ወደ ጽጌረዳው ዞረች፣ ወደ ማገሩ ዞረች፣ ከዚያ ከጎረቤት እንዳይሰሙ ይመስል ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ይቺ... ትርንጎ ግቢ አለች?» አለችኝ።

«የለችም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አትጠገብ እንኳ አይታት አታውቅም።»

እማ ነጠላዋን አስተካከለች። «ጥጉ ይቆይ» አለች።

አባባ እጃቸው ላይ የያዙትን ቀርከሃ ጣሉት። «ሴትዮ፣ ቆርቆሮውን ያስገዛሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ቆርቆሮውማ ይመታል። ጥጉ ግን ይቆያል። እህቴ የሌላት አንድ ነገር ይኑረኝ እንጂ!»

እንዲህ ነው የተረፉት። እኔ ማገሩን ይዤ በመቆሜ ያዳንኳቸው እየመሰለኝ ብዙ ጊዜ ተኩራርቻለሁ፤ ያዳናቸው ግን የእማ ቅናት ነው። አጥራችን እስከ ዛሬ ሦስት ጎኑ ቆርቆሮ ሆኖ አንድ ጥጉ ቀርከሃ ነው። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ብር አጥሯቸው ነው ያቋረጡት ይላል። ጎረቤታችን እትዬ የሰውዘር አንድ ቀን በአዘኔታ «አይዞሽ፣ እሱም ይሞላል» አሏት እማን። «እትዬ፣ ሞልቶ ነው የተረፈው። ተከራይ አለበት» አለቻቸው። እሳቸውም ማንን እንዳከራየን ለማወቅ አንገታቸውን አስግገው ጓሯችንን ሲፈልጉ ዋሉ።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ መጀመሪያ የፈለግሁት የሷን ነገር ነው። ቅጠል ቆራጭ ንብ ትባላለች። ንግሥት የላትም፣ ቀፎ የላትም፣ እያንዳንዷ የራሷን ቤት ትሠራለች፤ እኔ አንድ ቤተሰብ ናቸው ብዬ ያሰብኳቸው ለካ ጎረቤታሞች ናቸው። ልጆቹ ቅጠሉ ውስጥ አድገው ጊዜያቸው ሲደርስ ውታፉን በጥርሳቸው ቀደው ይወጣሉ። አምና ሲወጡ ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ ስመለስ ያገኘሁት ክፍት አፍ ብቻ ነበር። ዘንድሮ ግን ክረምቱ እንደ ወጣ ጥጉን አልለቀቅሁም። ትናንት ጠዋት፣ ጉሙ ተገፎ ማገሩ ሞቅ ሲል፣ ውታፉ ነቅነቅ አለ። መጀመሪያ ጥርስ ታየ፣ ከዚያ ግንባር፣ ከዚያ ጸጉራም ፊት። ወጥታ ማገሩ ጫፍ ላይ ቆመች፤ ፊቷን በእግሯ ጠረገች፤ እንጅባራን ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። በቪዲዮ ያዝኳት። አሁን የያዝኩት ስልክ ስንጥቅ የለውም። ቪዲዮው ደቂቃ ሳይሞላ ዳንግላ ደረሰ። የክብሪት ቀፎው ትዝ አለኝ፤ ድሮ ቢሆን ይቺ ንብ በአክስቴ ነጠላ ጫፍ ላይ ተቋጥራ፣ በድንች ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ መንገድ እስኪከፈት ጠብቃ ነበር የምትሄደው። እኔም ቅዳሜን እየጠበቅሁ ጥፍሬን እበላ ነበር። ፍጥነቱ ደስ ይላል፤ ያ መጠበቅ ግን የራሱ ጣዕም ነበረው።

ከሰዓት በኋላ አትጠገብ ደወለች። ጠዋቱን ሙሉ ግቢያቸውን ዙሪያውን ስታስስ ውላለች። «ስሌ፣ አንድ ቀዳዳ የለንም!» አለችኝ። «ሁሉም ቆርቆሮ ነው። የት ትገባልኛለች? እናቴን አንዱን ጎን አፍርሺልኝ ብላት በእርግጫ ልትለኝ ነበር!» ከዚያ ያቺን ቃል አለችኝ። ቅዳሜ በመጀመሪያው ሚኒባስ ትመጣለች። ያቺ ባለ ረጅም ጭራ ወፏ አሁን ምን እንደምትመስለኝ ስትጠይቀኝ «ተራ ናት» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። አይ፣ እውነቱን ልናገር፣ አልዋጥኩትም፤ ለቅዳሜ አቆየሁት።

እናንተም ኑ። እንጅባራ መናኸሪያ ስትወርዱ ባጃጅ ያዙና «ቆርቆሮው ያላለቀበት አጥር» በሉ፤ ያደርሷችኋል። ሹፌሩ «ማር የላትም እኮ» ካሏችሁ አባቴ ናቸው፣ አትከራከሯቸው። ጉሙ ሳይገፈፍ አትምጡ፤ ፀሐይ ካልሞቃት አትወጣም። ምንም ዓይነት ስልክ ይሆናል፤ የተሰነጠቀም ይሆናል። መምጣት የማትችሉ ደግሞ አሮጌ አጥራችሁን ነቅላችሁ ከማንደዳችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ የማገሩን አፍ እዩልኝ፤ በቅጠል ተወትፎ ካገኛችሁት አንድ ጥግ ተዉላት። እና የምትቀኑበት ሰው ካለ፣ መቼም አይጠፋም፣ እሱንም ይዛችሁት ኑ። ጥጉ ጠባብ ነው፤ ለማየት ትከሻ ለትከሻ መጋደም ግድ ነው።